ከአንቀልባው እስከ መስታወቱ

ዛሬ ግጥም አልያዝኩም፤ ከታሪክ ጓዳ የተቀዳ አንድ ወግ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ልጅ ያዘለች እናት፣ ወይም ሕፃኑን በጋሪ የሚገፋ አባት ወደ ሙዚየም ይግባ ወይስ ደጅ ይቅር?

ጥያቄውን ያመጣብኝ የአንድ ቀን ገጠመኝ ነው። እኅቴ እንደ እኔው የአቃቂ ልጅ ናት፤ በፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። በአንድ የዕረፍት ቀኗ የስምንት ዓመት ልጇን አስከትላ፣ የሰባት ወር ሕፃኗን አዝላ፣ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ የኤግዚቢሽን አዳራሽ አብረን ሄድን። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም። «እኅቴ፣ የታዘለ ልጅ አይገባም፤ ካለቀሰ ሰው ይረበሻል። እዚሁ ጥላው ሥር ሆነሽ ብትጠብቂያቸው» አላት። እኅቴ አልተከራከረችም፤ ከድንጋይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ትልቋን ልጅ ይዤ ገባሁ። ስንወጣ ልጅቱ ያየችውን ሁሉ ለእናቷ በእጇ እያሳየች ትተርክላት ጀመር። እናት በልጇ አፍ ሙዚየም ጎበኘች ማለት ነው። ሕፃኑ ግን ያን ሁሉ ሰዓት እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር።

በምሠራበት ባንክ ሰልፉ በረዘመበት ቀን እንኳ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ከበር ስትገባ ከተሰለፉት አንዱ ሳይጠየቅ «እሷ ትቅደም» ይላል፤ ሌላውም አይከራከርም። በባንክ መስኮት ፊት ማዘል የመቅደሚያ መብት ከሆነ፣ በታሪክ ደጃፍ የመቅሪያ ምክንያት እንዴት ሆነ? ይህን ሳሰላስል ሙዚየሞቻችንን ራሳቸውን ለመጠየቅ ተነሣሁ። መልሱም በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ቆየኝ።

* * *

ድንቅነሽን የማያውቅ የለም። ከእርሷ ቀጥሎ የሚነሣው ስም ግን የአንዲት ሕፃን ስም ነው፤ ሰላም። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ዲኪካ በተባለ ሥፍራ፣ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመሩት ቡድን ከአሸዋ ድንጋይ ጋር የተጣበቀ የአንዲት ሕፃን የራስ ቅልና አጥንት አገኘ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ሥራ የአዋላጅ ሥራ ይመስላል። ዶክተሩ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት እየፋቁ ሕፃኗን ለማውጣት ዓመታት ፈጀባቸው። በመስከረም 1999 ዓ.ም. ለዓለም ስትተዋወቅ ጋዜጦች «የሉሲ ልጅ» አሏት። ነገር ግን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ባለ ዕድሜ ናትና፣ እናት ከተባለችላት ከድንቅነሽ እርሷ መቶ ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች። ስትሞት ሦስት ዓመት እንኳ እንዳልሞላት በጥርሶቿ ላይ የተደረገው ምርመራ ያሳያል።

ለእኛ ጉዳይ የሚበጀው ግን የእግሯ ነገር ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ይፋ የሆነው የእግሯ ጥናት እንደሚለው፣ ሰላም በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን ከእኛ ሕፃናት አውራ ጣት ይልቅ እንደ ልብ ይንቀሳቀስ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህ ጣት ዛፍ ለመውጣት፣ እናቷም ስትሄድ አጥብቃ ለመያዝ ሳይረዳት እንዳልቀረ ይናገራሉ። እንግዲህ ሰላም የእናቷን ገላ በእጇም በእግሯም ጨብጣ የምትጓዝ ልጅ ነበረች ማለት ነው።

ከእርሷ በኋላ የመጣው የሰው ዘር እግሩ ለመሄድ ብቻ ሆነና ያን መጨበጫ አጣ። የእናት ገላም ጠጉሩን ሲያራግፍ ልጅ የሚይዘው ነገር ጠፋ። መያዝ ከልጅ ወደ እናት ተላለፈ፤ የእናት ክንድ ደግሞ ሥራ ይጠብቀዋል። ስለዚህም ከሰው ልጅ ቀደምት የፈጠራ ሥራዎች አንዱ ሕፃን መሸከሚያ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ቆዳ ይበሰብሳል፤ ልጥና ቅጠልም እንዲሁ። ድንጋይ ግን ይቀራል። በሙዚየም መደርደሪያ ላይ የድንጋይ መሣሪያ የበዛው የጥንት ሰው ሌላ ዕቃ ስላልነበረው ሳይሆን ድንጋይ ስለማይበሰብስ ነው። የአዳኙ መሣሪያ ለታሪክ ሲተርፍ የእናቲቱ ማዘያ አፈር ሆነ።

ከሰላም አጥንቶች መካከል ደግሞ በጉሮሮ ውስጥ ሆና ምላስን የምትደግፈው ለስላሳ አጥንት ሳትቀር ተገኝታለች። ይህች አጥንት ከሰው ይልቅ የቺምፓንዚን ትመስላለች። ሰላም አታወራም ይሆናል፤ ድምፅ ግን ነበራት። ዛሬ በመስታወት ውስጥ ጸጥ ያለችው ልጅ በጊዜዋ ሳታለቅስ አልኖረችም። ጸጥታን ለማስከበር ሕፃን ከደጅ የሚመልስ ሙዚየም፣ በመስታወት ውስጥ ያለችውም ሕፃን የማልቀሻ አጥንት እንዳላት ልብ ቢል መልካም ነው።

* * *

ከዲኪካ ወደ እኛው አካባቢ እንመለስ። በሰፈራችን የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ወርዶ በመጨረሻ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወደ አፋር ይወርዳል። የሰላምንና የእኛን መንደር የሚያገናኘው አንድ ውኃ ነው። በዚሁ በአዋሽ ዳር፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ዴከር የተባለ የሆላንድ የውኃ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ጋርባ 4 ከተባለው ቦታ የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጥናት ሕፃኑ የሆሞ ኢሬክተስ ወገን መሆኑንና ዕድሜው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚደርስ አስታወቀ። ከዝርያው ጥንታዊ ቅሪቶች አንዱ፣ በደጋው አየር የኖረ ያልጠና ልጅ ነው።

ከዚያው ከመልካ ቁንጡሬ፣ ጎምቦሬ ከተባለው ቦታ የተገኘው ግን አጥንት አይደለም፤ የእግር ዱካ ነው። ከ700,000 ዓመት በፊት ሰዎች በአንዲት ኩሬ ዳር ድንጋይ ይጠርባሉ፤ የጉማሬ ሥጋ ይበልታሉ። በጭቃው ላይ የአዋቂዎች ኮቴ፣ የአራዊትና የወፎች ኮቴ፣ ከዚያም መሀል ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት ኮቴ ታትሟል። ከእሳተ ገሞራ የመጣ አመድ ሸፈነውና ለእኛ ደረሰ። ይህን እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረጉት ተመራማሪዎች ያስተዋሉት ነገር ልብ ይነካል፤ ልጆቹ ለብቻቸው አልተቀመጡም። አዋቂዎች በሚሠሩበት፣ ስለት ባለበት፣ ሥጋ በሚበለትበት ቦታ አብረው ነበሩ። እያዩ ይማሩ ነበር። ሙዚየም ዕቃ እያዩ የሚማሩበት ቦታ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሙዚየም ያ ጭቃ ነበር፤ በመግቢያውም ሕፃን የሚመልስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጪትን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚያ ድክ ድክ የሚሉ እግሮች አብረው ተመዘገቡ።

* * *

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ እንውጣ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ መኖሪያቸው አደረጉት። ከሕንፃው ፊት ፋሽስቶች ያቆሙት፣ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን ለአገዛዛቸው አንድ ዓመት የቆመ ነው ይባላል። ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የልጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ከታሪካዊው ደረጃ ይልቅ የሚያሳስበው ተራው ደረጃ ነው።

በውስጥ ያለው የባሕልና የአኗኗር ትርኢት የተደራጀው በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አይደለም። የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ነው፤ ከልጅነት ተነሥቶ በጉልምስና በኩል ወደ ሞትና ከሞት ወዲያ ወዳለው ያደርሳል። ብልህ አደረጃጀት ነው። የዚያ ትርኢት የመጀመሪያ ባለቤት ሕፃን ነው። አንቀልባንም አስቡት፤ ከለፋ ቆዳ የተበጀ፣ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ፣ ጠፍሩ በእናቲቱ ትከሻና ወገብ የሚታሰር። እናት አዝላ ትፈጫለች፤ አዝላ ውኃ ትቀዳለች፤ አዝላ ገበያ ትወጣለች፤ አዝላ ታለቅሳለች። ሕፃኑም ዓለምን ከእናቱ ትከሻ በላይ ያያል። ዛሬ በከተማ አንቀልባ በጨርቅ ማዘያ ተተክቶ፣ ቦታው ከእናቶች ጀርባ ይልቅ የሙዚየም ስብስብ እየሆነ ሄዷል። እንግዲህ አንቀልባው ያለ ሕፃን ሲመጣ «ቅርስ ነው» ብለን በክብር አስገብተን፣ ሕፃን ይዞ ሲመጣ «ይረብሻል» ብለን ልንመልሰው ነው?

በዚያው ሙዚየም የሥዕል ስብስብም አለ። አብዝተው ከደከሙበት አንዱ ፖላንዳዊው ምሁር ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ ከሁሉ የተወደደው ድርሰት እናትና ልጅ ናቸው፤ ስሙም በግዕዝ «ምስለ ፍቁር ወልዳ»፣ ከተወደደ ልጇ ጋር ማለት ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ ከሣላቸው ጀምሮ እስከ ዘመናችን ድረስ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ተለይቶ አይሣልም። የሀገራችን ሰው ስደቷንም ሲተርክ «ልጇን አዝላ በግብፅ በረሃ» ይላል፤ በራሱ እናት አምሳል አያት። ልጅ የታቀፉ እናቶች በግድግዳው በሞሉበት አዳራሽ፣ ልጅ የታቀፈች እናት ከደጅ ስትቀመጥ ሥዕሎቹ ምን ይሉ ይሆን?

ሙዚየም የሚለው ስም ሳይመጣ ቅርስ ጠባቂዋ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነበረች፤ ብራናው፣ ዘውዱ፣ መስቀሉ ከዚያ ይገኛል። በዚያች ቤት ደግሞ ሕፃን እንግዳ አይደለም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ለጥምቀት ይገባሉ፤ ቅዱስ ቁርባን ሲሰጥም ከምእመናን ሁሉ ሕፃናት ይቀድማሉ። ልጅ ያለቅሳል፤ ቅዳሴው ይቀጥላል። ከቅዳሴ ይልቅ ጸጥታ የሚገባው መስታወት ያለ አይመስለኝም።

ስለ ዓድዋም አንድ ቃል ልጨምር። ከቃሊቲ የሚነሣው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ ሲጀምር መድረሻው ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። የጥንቱ ሠራዊታችን ሲዘምት ከተማ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ስንቅ ተሸካሚው፣ ጠጅ ጣዩ፣ ሚስቱ፣ ልጁ አብሮ ይተማል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱት ሴቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ትተው አልሄዱም። ልጅ ታዝሎ ከተደረሰበት ድል፣ ልጅ ታዝሎ የማይደረስበት መታሰቢያ ሊኖረው አይገባም።

* * *

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በ1759 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም በመጀመሪያ ዘመኑ ሕፃናትን አያስገባም ነበር። በ1824 የተቋቋመው ብሔራዊ የሥዕል ቤት ግን ሕፃን የያዘውን አልከለከለም፤ ሞግዚት የሌለው ድሃ ልጁን ይዞ ካልገባ ጨርሶ ሊገባ አይችልምና። ይህ ያስቆጣቸው ነበሩ። የሥዕል ቤቱ ጠባቂ ሠዓሊ ቶማስ ኡዊንስ እ.ኤ.አ. በ1850 ለፓርላማ ኮሚቴ ቀርበው ከተናገሩት መካከል አንዱ ይህ ነው፤ አንድ ባልና ሚስት በአዳራሹ መሀል ሕፃናቸውን መራመድ ሲያስተምሩ አይተዋል። አንዱ ወዲህ ሲለቀው ሌላው ወዲያ ይቀበለዋል። ኡዊንስ ይህን የተናገሩት ሕዝቡ ሥዕል ለማየት እንዳልመጣ ለማስረዳት ነበር። እኔ ግን ሳነበው ጎምቦሬን አስታወሰኝ። ያ የለንደን ሕፃን ስሙ አልተመዘገበም፤ ከታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ሥር የመጀመሪያ እርምጃውን መራመዱ ግን በፓርላማ መዝገብ ተጽፎ ቀርቷል።

የልጅ ጋሪም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1733 ገደማ ዊሊያም ኬንት ለአንድ የእንግሊዝ መስፍን ልጆች የሠራው ጋሪ በትንሽ እንስሳ የሚጎተት ነበር። በ1965 የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኦወን ማክላረን የሚታጠፈውን ቀላል የአሉሚኒየም ጋሪ ፈጠረና ጋሪ ከመሳፍንት ግቢ ወደ ተራው ሰው እጅ ገባ። በእኛ ከተማ ጋሪ ብርቅ የሆነው ደሃ ስለሆንን ብቻ ሳይሆን የምንገፋበት መንገድ ስላልነበረን ነው። ጋሪ የሚያልፍበት መግቢያ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበርም ያልፍበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዘዘውን ያሟላ ሕንፃ፣ የሕፃን ጋሪ ሲመጣበት አይደነግጥም።

* * *

ተቃራኒውን አሳብ መናቅ አይገባም። ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በዚያ ጋሪ ሲቆም ሰው ይታጎራል። የሚሰበር ዕቃ አለ። የሚያስጮህ ልጅም አለ፤ ለዚያ ዝምታ የከፈለ ጎብኚ መብቱ አይናቅም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። በዚያ የወጣቶች ፎቶግራፍ በግድግዳ ተደርድሯል፤ አጥንት አለ፤ ልብስ አለ። ልጁን ያጣ ሰው ቆሞ ሲያለቅስ የሌላ ልጅ ጩኸት ቢሰማው ምን ይሰማው ይሆን? ለዚህ አጭር መልስ የለኝም። ማገናዘብ ለሚችል ትንሽ ልጅ እንዲህ ያለው ነገር በወላጅ ምክር ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ስለታዘለው ሕፃን ግን ይህን አስባለሁ፤ በዚያ ግድግዳ ያሉት ሁሉ አንድ ቀን የታዘሉ ነበሩ። ያዘሏቸው እናቶች ያጡት ምን እንደሆነ ከጀርባዋ ሕፃን ያለባት እናት ከሌላው ጎብኚ ያነሰ አይገባትም።

ለቀሩት ችግሮች መፍትሔው ከራሳችን ጓዳ ይወጣል። አዳራሹ ከጠበበ ጋሪው ይቅር፤ ሕፃኑ ግን ይግባ። በር ላይ ጋሪውን ተቀብሎ በምትኩ ማዘያ የሚያውስ ሙዚየም ምን ያህል ያማረ ነበር! ልጁ ካለቀሰ እናት ለጊዜው ወጣ ብላ ታባብለው፤ የምትቀመጥበትና የምታጠባበት አንድ ወንበር ይዘጋጅላት። ከዚያ ተመልሳ ትግባ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነውና፣ ሕዝብን ሲጋብዙም ከነልጁ ነው። ከአቃቂ ተነሥታ የምትመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጇን የምትተውለት ሰው የላትም። ሕፃኑን መከልከል እርሷን መከልከል ነው፤ እርሷን መከልከል ደግሞ ሙዚየሙን ሞግዚት መቅጠር ለሚችል ሰው ብቻ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በፕራግ ተሰብስቦ ለሙዚየም አዲስ ትርጉም ሲሰጥ፣ ለሕዝብ ክፍት፣ ተደራሽና አካታች የሚሉትን ቃላት አስገብቷል።

ወደዚያችው ፕራግ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሁለት እንግዶች ከኢትዮጵያ ሄደው ነበር፤ ድንቅነሽና ሰላም። በቼክ ብሔራዊ ሙዚየም ለ60 ቀናት እንዲታዩ በክብር ተቀመጡ። ሦስት ዓመት ያልሞላት የዲኪካ ልጅ አህጉር ተሻግራ ኤግዚቢሽን ስትገባ፣ ሕፃን ናትና አትግባ ያላት አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ እርሷ ለመቅረብ ተሰለፈ እንጂ።

እኔም ግጥም አልያዝኩም ብዬ ጀምሬ ሁለት ስንኝ ሳላስከትል መለየት አልሆነልኝም። ለሰላም ነው፦

አንቺ ከመስታወት፣ እሱ ከአንቀልባ፣
ማን ይከለክላል፣ እኅቱ ቤት ቢገባ?

ቸር እንሰንብት።